ቀዩ አካፋ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ አያልነህ የሚባል ባለሱቅ ነበር። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ ክብሪቱ በየመደርደሪያው ሞልቷል። ከባንኮኒው ሥር ግን ከሸቀጡ ሁሉ የሚበልጥበት ነገር ይቀመጣል፤ የዱቤ ደብተሩ። ጠርዙ በዘይት የወዛ፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ ደብተር ነው። የሰፈሩ ሰው ግማሹ እዚያ ውስጥ ይኖራል ማለት ይቻላል።

ሚስቱ ትርንጎ የአሳ ሰው ናት። አትነግድም፤ ታጠናለች። የጣና ነጭ አሳ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትቶ በጉማራ ወንዝ ሽቅብ እንደሚወጣ፣ ጠጠር ያለበት ጥሩ ውኃ ፈልጎ እንቁላሉን እንደሚጥል፣ ከዚያም ወደ ሐይቁ እንደሚመለስ ማውራት ከጀመረች ወጡ ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን ታዲያ ትሮምሶ ከምትባል የኖርዌይ ከተማ መልእክት መጣላት። ደመወዝ እየተከፈለሽ ዶክትሬትሽን ሥሪ፣ ባለቤትሽም አብሮሽ መምጣት ይችላል የሚል ነው።

ካርታ ዘርግተው ፈለጓት። አያልነህ ጣቱን ወደ ላይ ወሰደ፣ አሁንም ወደ ላይ ወሰደ፤ ካርታው ሊያልቅበት ሲል 69ኛውን ዲግሪ አልፋ ተገኘች።

"ከዚህ በላይስ ምን አለ?" አላት።

"አሳ" አለችው።

ሱቁን ለታናሽ ወንድሙ ለማስረከብ ዱቤውን ይሰበስብ ጀመር። ሰው ሁሉ እየመጣ ከፈለ፤ እየመረቀ ከፈለ። በመጨረሻ እትዬ ዘነቡ መጡ። የሳቸው ሒሳብ 430 ብር ነው። መቀነታቸውን ፈትተው 400 ብር ቆጠሩለትና የቀረውን መልሰው ቋጠሩት።

"ሠላሳ ይቀራል፣ እትዬ።"

"አውቃለሁ።"

"ካልሞላልዎት ግድ የለም፤ እሰርዘዋለሁ።"

"እንዳትሰርዝ ብዬሃለሁ!" አሉ ቆጣ ብለው። "ሠላሳዋ እኔ ላይ ትቆይ። ስሜም እዚያው ደብተርህ ላይ ይደር።"

አያልነህ ሳቀ። የአሮጊት ነገር ብሎ አለፈው። ደብተሩን ለወንድሙ ሲያስረክብ ከሁሉም ስም ላይ መስመር ተሰምሮበታል፤ ከአንዱ በቀር።

ትሮምሶ የደረሱት በነሐሴ መጨረሻ ነው። ከተማዋ ደሴት ላይ ናት፤ ከማዶው መሬት የሚያገናኛት ረጅም ድልድይ አላት። ከአንድ የእንጨት ቤት የምድር ቤቱን ተከራዩ። ባለቤቶቹ ደቡብ፣ ኦስሎ ነው የሚኖሩት። ውሉ ላይ ከመንገዱ እስከ በሩ ድረስ ያለውን በረዶ የሚጠርገው ተከራዩ ነው የሚል መስመር አለ። አያልነህ ፈረመ። ነሐሴ ላይ በረዶ ማን ትዝ ይለዋል?

የአገሬው ሰው ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱ ግን ዝም ያለ ነው። አውቶቡስ ሲሳፈር ባዶ ወንበር እያለ ሰው አጠገብ አይቀመጥም። ጎረቤቱን ደጅ ላይ ሲያገኘው አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል። ከየት መጣህ፣ ወዴት ነህ፣ ስንት ልጅ አለህ አይልም። ክፋት አይደለም። እዚያ ሰውን አለማስቸገር ሰውን ማክበር ነው፤ ከልጅነታቸው የተማሩት ነው።

አያልነህ ይህን አይቶ ደስ አለው። ዕድሜውን ሙሉ ከጎህ እስከ ምሽት በሰው ጥያቄ ሲጎተት የኖረ ባለሱቅ ቢያርፍ አይፈረድበትም።

"እንግዲህ" አላት ትርንጎን፣ "እዚህ ማንም ማንንም አያስቸግርም። እኛም ማንንም አናስቸግር። የሚያስፈልገንን እንገዛለን፤ ከሰው ደጅ ግን አንቆምም።"

እንዳለውም አደረገ። መዶሻ ገዛ፣ መሰላል ገዛ፣ ምን እንደሚፈታ ያላወቀውን መፍቻ ሳይቀር ገዛ። ጠዋት ጠዋት ቋንቋ ይማራል፤ ማታ ማታ አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ዕቃ ይደረድራል። ባለሱቅ እንደነበረ ለማንም አልተናገረም። የጠየቀውም አልነበረም።

በጥቅምት አጋማሽ አንድ ማለዳ ትርንጎ ለሥራ ልትወጣ በሩን ስትስብ ደጁ የለም። ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ደረጃውን፣ መተላለፊያውን፣ የቆሻሻ መጣያውን ሁሉ አንድ አድርጎታል። ባሏ ሌሊት ሠርቶ ገብቶ ተኝቷል። መዶሻ አለ፤ መሰላል አለ፤ አካፋ ግን የለም። ትንሽ አሰበችና ጫማዋን እስከ ጉልበቷ እያሰመጠች ሄዳ የጎረቤቱን ቢጫ ቤት አንኳኳች።

በሩን የከፈቱት ረጅም፣ ጆሯቸው ላይ ጠጉር የበቀለ፣ ጡረታ የወጡ አሳ አጥማጅ ናቸው። ስማቸው ኦላ ነው። በዚያ አገር አቶም ጋሼም የሚባል የለም፤ ሽማግሌውንም ሚኒስትሩንም ሕፃን ልጅ በስሙ ነው የሚጠራው። ትርንጎ ግን አፏ እምቢ ስላላት ቤቷ ውስጥ ጋሽ ኦላ ትላቸዋለች።

"አካፋ ያውሱኛል?"

ሽማግሌው ጫማዋን አዩ፤ በረዶውን አዩ። ምንም ሳይሉ ገብተው አፉ የሕፃን አልጋ የሚያህል፣ እጀታው ለሁለት እጅ የተሠራ ትልቅ የበረዶ አካፋ ይዘው ወጡ። እሷ ልታነሣው ስትታገል ጥቂት ተመለከቱና፣

"አታንሺው፤ ግፊው" አሉ። "በወገብሽ አይደለም፤ በእግርሽ።"

በእግሯ ገፋችው። በረዶው እየተጠቀለለ ሄደላት። ጨርሳ አካፋውን ስትመልስ እንደገና አንኳኳች።

"በረንዳው ላይ ብታቆሚው ይበቃ ነበር" አሉ ሽማግሌው።

"በእኛ አገር የተዋሱትን ዕቃ ደጅ ላይ ጥለው አይሄዱም። አስረክበው፣ አመስግነው ነው።"

ጋሽ ኦላ ጆሯቸውን አከኩ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም። በማግስቱ ደግሞ ጣለ። ደግሞም መጣች። በሦስተኛው ጊዜ አካፋውን ልታስረክብ ስትመጣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስኒ ቀርቦ አገኘች።

ከዚያ ወዲያ አካፋውን በመለሰች ቁጥር አንድ ነገር ይዛ ትመጣ ጀመር። አንድ ቀን ጫማ ሥር የሚታሰር፣ በረዶ የሚነክስ ባለጥርስ ጎማ ከየት እንደሚገዛ። ሌላ ቀን በልብስ ላይ ልብስ እንዴት እንደሚደረብ፤ ከሥር ሱፍ መሆን እንዳለበት። አንድ ቀን ደግሞ በ1997 እንደ አውሮፓውያኑ፣ በሚያዝያ መጨረሻ፣ የበረዶው ቁመት 2 ሜትር ከ40 ሆኖ ሰው ቤቱን ቆፍሮ እንደወጣ። አንድ ቀን ስለ አሳ ተነሣና ሁለቱም ሰዓት ረሱ። ሽማግሌው በጥር ወር ከባሬንትስ ባሕር ተነሥቶ ሊራባ ወደ ሎፎተን ደሴቶች ስለሚወርደው ኮድ ስለሚባለው አሳ አወሩላት። እሷም የጉማራን ነገር ነገረቻቸው።

"በወንዝ ሽቅብ?" አሉ።

"ሽቅብ።"

"ጎበዝ አሳ ነው" አሉ ሽማግሌው፤ ይህን ሲሉ ግን ያዩ የነበሩት እሷን ነው።

የኮድ አሳ ጉበት ዘይትም አስተማሯት። ፀሐይ በማይኖርበት ወራት ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ ይዋጣል። መቼ መቼ ነው ብትላቸው፣ ስሙ ውስጥ "ር" ባለበት ወር ሁሉ አሏት፤ የድሮ ሰዎች እንዲህ ነበር የሚቆጥሩት። ማታ ይህን ለአያልነህ ስትነግረው በጣቱ ቆጠረና፣

"በእኛማ መስከረም፣ ኅዳርና ጥር ብቻ ናቸው። ዘንድሮ ሦስት ወር ውጠን ተገላገልን" አለ። ሳቁ።

ሳቁ ግን አልቆየም። "ይህን ሁሉ የት ሰማሽው?" ብሎ ጠየቀ። አካፋ ልትመልስ ስትሄድ መሆኑን ስትነግረው ፊቱ ተለወጠ።

"በየቀኑ አካፋ ልመና? ሰውዬው ምን ይሉናል? ደመወዝ እያለን!"

በማግስቱ ከከተማው አካፋ ገዛ። ውድ ነው፤ እጀታው ቀይ፣ አፉ የማይዝግ። በረንዳው ላይ ከበሩ በስተቀኝ አቆመው፤ ከመንገድ ይታያል። ትርንጎ አየችው።

"ጥሩ አካፋ ነው" አለች።

ጋሽ ኦላም በመስኮታቸው አዩት። ገዙ ማለት ነው አሉና ቡናውን ለአንድ ሰው አፈሉ።

ማንም አልተጣላም። ትርንጎ ከሥራ ስትመለስ በቢጫው ቤት አጠገብ ስታልፍ እርምጃዋ ቀነስ ይላል። ግን ምን ብላ ታንኳኳ? ሽማግሌውም እንዲሁ። በረዶ ጥሎ ያደረ ቀን በመስኮት ይመለከታሉ፤ ቀዩ እጀታ ወዲያ ወዲህ ይላል። ደህና ናቸው ማለት ነው፤ ደህና ሰውን ምን ብሎ ማስቸገር ነው?

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ገባ። በሦስተኛው ቀን ፀሐይዋ ጠፋች። ትሮምሶ ላይ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ ከአድማስ በላይ አትወጣም። ቀትር አካባቢ ሰማዩ ለጥቂት ሰዓት ሰማያዊ ይሆናል፤ ተራራው፣ በረዶው፣ ባሕሩም አብሮ ሰማያዊ ይሆናል፤ ከዚያ መልሶ ይጨልማል። የአገሬው ሰው በየመስኮቱ የኮከብ ቅርጽ ያለው መብራት ሰቀለ፣ ሻማ ለኮሰ፣ መጋረጃውን ገልጦ ተወ። ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ፣ እግሩ ላይ ስኪ አጥልቆ፣ በደሴቲቱ መሐል መብራት በተተከለለት መንገድ ይንሸራተታል። ሕፃናት በጨለማ በረዶ ሲያቦኩ ይውላሉ።

አያልነህ መጋረጃውን ዘጋ። የጨለማ ነገር ምን ይታያል ብሎ ነው። ቀን ይተኛል፤ ሌሊት ይሠራል፤ ሲነቃም ሌሊት ነው። ከመኝታው የሚያስነሣው በረዶው ብቻ ሆነ። እሱንም በአዲሱ አካፋ እየዛቀ ወደ መንገዱ ይወረውረዋል። በረዶ የሚጠርገው መኪና ይመጣና ገፍቶ በሩ ላይ ይመልስለታል። ያንኑ በረዶ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ የሚዝቅበት ቀን ነበር። ጋሽ ኦላ ይህን ሁሉ በመስኮት ያያሉ። አንድ ሁለት ጊዜ ኮታቸውን ለማንሣት እጃቸውን ሰደዱ። ግን አልተጠየቁም። መልሰው ተቀመጡ።

የገና ዕለት አያልነህ ወደ ሽምብጥ ደወለ። ወንድሙ ሱቅ ውስጥ ነበር፤ ጫጫታው ይሰማል፤ አንዱ ዘይት ይላል፣ አንዷ ሳሙና ትላለች። ድንገት ስልኩን አንድ ሰው ነጠቀው።

"አያልነህ! እኔ ነኝ፣ ዘነቡ። ሠላሳዋን አልከፈልኩም!"

"እንኳን አደረሰዎት፣ እትዬ። ኧረ ምን ችግር አለው።"

"ወንድምህ ይቺን ሰርዤልዎታለሁ ቢለኝ ተጣላሁት። አንተ ስትመጣ ከአንተ ጋር ነው ሒሳባችን። እስቲ ንገረኝ፣ እዚያስ ማን አለብህ?"

"ማን አለብህ ማለት?"

"ዱቤ ነዋ! ማነው ያንተ ያለበት?"

"ማንም የለም፣ እትዬ። እዚህ ሱቅ የለኝም።"

"ያንተስ? የማን አለብህ? ጨው እንኳ፣ እሳት እንኳ?"

"የማንም የለብኝም" አለ አያልነህ ኮራ ብሎ። "ሁሉን ገዝቻለሁ።"

ስልኩ ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎት "ሃሎ?" አለ።

"ወይ ልጄን" አሉ እትዬ ዘነቡ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ "እንዲህ ብቻህን ቀረህ?"

ከዚያ ሳቁ፣ መረቁት፣ ስልኩን መለሱ። እሱ ግን ባለሱቅ ነው። ባለሱቅ ሒሳብ ሳይገጥምለት ሲቀር እንቅልፍ አይወስደውም። ማታ ማታ መደብሩ ውስጥ ሻማ ሲደረድር፣ ስኳር ሲደረድር፣ የሴትዮዋን ጥያቄ ከላይ ወደ ታች ይደምራል፣ ከታች ወደ ላይ ይደምራል። አልገጥም አለው።

የከተራ ዕለት ሌሊቱን ሲጥል አደረ። አያልነህ ሲነጋ፣ መንጋቱን የሚያውቀው በሰዓቱ ነው፣ ልብሱን ደርቦ በረንዳው ላይ ወጣ። ቀዩን አካፋ አነሣው። ወደ በረዶው ግን አልወረደም። ወደ ቤት ይዞት ገባ፤ ከደረጃው ሥር ያለችውን ዕቃ ማስቀመጫ ከፈተ፤ ከአገር ይዘውት ከመጡት ሻንጣዎች ጀርባ አጋደመው፤ በላዩም አሮጌ ብርድ ልብስ ጣለበት። ትርንጎ ታጥባ ስትወጣ የለም።

ቢጫው ቤት በር ላይ ቆሞ ያጠናውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ለራሱ አለው። ከዚያ አንኳኳ።

"እንደምን አደሩ። አካፋ... መዋስ እችላለሁ?"

ጋሽ ኦላ አዩት። ከዚያ በትከሻው ላይ አሻግረው የሱን በረንዳ አዩ። ሁለት ወር ሙሉ አካፋው ቆሞበት የነበረው ቦታ ይታያል፤ ከበሩ በስተቀኝ፣ በአዲሱ በረዶ መሐል፣ የአካፋ አፍ የሚያህል ስንጥቅ ገና አልደፈነም። ሽማግሌው ብዙ አዩት። ምንም አላሉም። ገብተው አካፋቸውን ብቻ ሳይሆን ኮታቸውንም ይዘው ወጡ።

"ወደዚያ አይደለም" አሉት መጀመሪያ የዛቀውን በረዶ ወደ መንገዱ ሊወረውር ሲል። "ወደ ግራ፤ አጥሩ ሥር። መኪናው እንዳይመልስብህ።"

አያልነህ ቀና አለ። "ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?"

"አልጠየቅኸኝማ።"

አካፋውን ሲመልስ ቡናው ቀርቦ ነበር። ሽማግሌው በአገር ቤት ምን ትሠራ ነበር ብለው ጠየቁት። እዚያ ከተማ ውስጥ ይህን የጠየቀው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። አያልነህ ባለችው ቋንቋ፣ ያልበቃችውንም በእጁ እየሞላ፣ ስለ ሱቁ ነገራቸው። ስለ ደብተሩም።

ጋሽ ኦላ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

"እኛም መንደር ባለሱቅ ነበር" አሉ። "እኔ ልጅ ሳለሁ። ክረምቱን ዱቄት፣ ቡና፣ መረብ በዱቤ ይሰጣል፤ አሳው ሲገባ ይቀበላል።"

"ደብተር ነበረው?"

"ነበረው። ጥቁር።" ዝም አሉና ቀጠሉ። "አባቴ ከዚያ ደብተር ሳይወጣ ሞተ። አሳው ሲበዛ ዋጋው ይወድቃል፤ ዋጋው ሲወጣ አሳው የለም። እናቴ ያንን ደብተር እንዳየችው አንድ ነገር አስማለችኝ፤ ከሰው ምንም እንዳትወስድ አለችኝ። ይኸው ሰማንያ ዓመት አለፈኝ፤ ከማንም መርፌ ተውሼ አላውቅም።"

አያልነህ የሚመልሰው አጣ። ስለ እትዬ ዘነቡ ሊነግራቸው ነበር፤ ተወው። የእሱ ደብተርና የሳቸው ደብተር አንድ አይደሉም፤ ያንን ለማስረዳት ደግሞ ቋንቋው ገና አልደረሰም። በምትኩ ስለ ነገው በዓል ነገራቸው። ጥምቀት እንደሆነ፣ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ታቦቱን አጅቦ ወደ ውኃ እንደሚወርድ፣ ሌሊቱን እዚያው እንደሚያድር።

"እኛም ልንቀበል የምንወጣው አለን" አሉ ሽማግሌው። "ሦስት ቀን ጠብቅ።"

በእርግጥም ጥር 13፣ እንደ አውሮፓውያኑ ጃንዋሪ 21፣ ትሮምሶ የፀሐይዋን መመለስ ታከብራለች። ከአድማስ በላይ ከወጣች ጥቂት ቀን ቢሆናትም በተራሮቹ መሐል ብቅ የምትለው በዚያ ሰሞን ነው። አያልነህ ያን ሳምንት መደብሩ ውስጥ በልዩ ሁኔታ የተደረደሩት፣ ውስጣቸው ማርማላታ ያለባቸው ክብ ክብ ጣፋጭ ዳቦዎች ለምን እንደበዙ አሁን ገባው። ግማሽ ደርዘን ገዛ። ሦስቱም ወደ ደሴቲቱ ከፍታ ወጡ፤ ጋሽ ኦላ ፊት ለፊቱ መቀመጫ ባለው፣ በእግር በሚገፋው መንሸራተቻቸው፣ ትርንጎ ከወፍራም ካፖርቷ ላይ ነጠላዋን ደርባ። ቴርሞስ ይዘዋል። ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ወጥተው ይጮሃሉ።

ቀትር ሆነ። ሰማዩ ዳመነ። ሁሉም ወደ ደቡብ ያያል፤ የሚታይ የለም። ከደመናው ጀርባ ትንሽ ብጫ ነገር ከመጣ በኋላ እሱም ጠፋ። ሰው ሁሉ ግን እልል ማለት ቀረው እንጂ ደስ ብሎት ዳቦውን ይገምጣል።

"ፀሐይዋ የታለች?" አለ አያልነህ።

"ከደመናው ጀርባ" አሉ ጋሽ ኦላ አፋቸውን ሞልተው።

"ሳትታይ ነው እንዴ የምትበሉላት?"

"መምጣቷን እናውቃለን።"

ትርንጎ በሳቅ ቡናዋን አፈሰሰች። ያን ቀን ማታ መጋረጃቸው ተገልጦ አደረ፤ መስኮቱ ላይም አንድ ሻማ ተቀመጠ። ማን እንዳስቀመጠው አልተነጋገሩበትም።

ከዚያ በኋላ በረዶ በጣለ ቁጥር አንዳቸው ሄደው አካፋ ይዋሳሉ። አንድ ቀን ትርንጎ፣ አንድ ቀን አያልነህ። ትርንጎ ቀዩ አካፋ የት እንደገባ ጠየቀች፤ "ተበላሸ" አላት። የማይዝግ ነው ብሎ በስንት የገዛው ዕቃ በሁለት ወር እንዴት እንደተበላሸ አልጠየቀችም። ባሎቻቸውን የሚያውቁ ሚስቶች የማይጠይቁት ነገር አለ።

የካቲት ገባ። ቀኑ እየረዘመ መጣ፤ በረዶውም እንደዚያው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ሳሉ በራቸው ተንኳኳ። ባልና ሚስቱ ተያዩ። እዚያ ቤት በር ማንኳኳት የነሱ ሥራ እንጂ የሌላ ሰው ሥራ ሆኖ አያውቅም። አያልነህ ከፈተ።

ጋሽ ኦላ ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ ጆሯቸው ቀልቷል።

"አካፋዬ ተሰበረ" አሉ። "እጀታው።"

"አይ! ምን ይሻላል?"

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሚቀጥለውን ቃል ለማውጣት የታገሉት ትግል፣ ያኔ አያልነህ እሳቸው በር ላይ ቆሞ ከታገለው ይበልጥ እንጂ አያንስም።

"ቀዩን አካፋችሁን... ብታውሱኝ።"

ትርንጎ ስኒዋን ይዛ ቀረች። "ቀዩ ተበላሽቷል አላልክም?" አለች በአማርኛ።

አያልነህ ለማንም አልመለሰም። አንገቱን ደፍቶ ከደረጃው ሥር ገባ። ሻንጣ ሲጎተት ተሰማ፣ የወደቀ ነገር ተሰማ፤ ከዚያ አቧራ የጠጣ ብርድ ልብስ በአንድ እጁ፣ እንደ አዲስ የሚያብረቀርቅ አካፋ በሌላ እጁ ይዞ ወጣ። ሚስቱን ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም። ጋሽ ኦላ አካፋውን ተቀበሉ፣ መረመሩት፣ "ጥሩ አካፋ ነው" አሉ፤ አመስግነው ሄዱ።

እሑድ አልመለሱትም። ሰኞም አልመለሱትም። ማክሰኞ ትርንጎ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ ኩሽና ገባች። አያልነህ ሽንኩርት ይከትፋል።

"ጋሽ ኦላን አየኋቸው" አለችው። "በቀዩ አካፋ ሲጠርጉ።"

"እሺ?"

"የሳቸውም አካፋ ከበራቸው ጀርባ ቆሟል። እጀታው ድፍን ነው። ምንም አልሆነም።"

አያልነህ ቢላዋውን አስቀመጠ። መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ከሆዱ የመነጨ ሳቅ ያዘው፤ ሽንኩርቱ ነው ሳቁ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ትርንጎ እሱን እያየች እሷም ጀመረች። ሲበርድላቸው በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠርጎ፣

"የበረንዳው አምፖል ተቃጥሏል፣ አይደል?" አላት።

"ትናንት ነው የተቃጠለው።"

"መሰላላችንስ የት ነው?"

"ዕቃ ቤት።"

"ከሻንጣዎቹ ጀርባ አስገቢው" አለና ኮቱን ደርቦ ወደ ቢጫው ቤት አቀና።